ክረምት እስኪያልፍ የቆየው ዝምድና

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ። በሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልኝ ታውቃላችሁ። እጄ መጋዝ ሲይዝ አይንቀጠቀጥም፤ በእናንተ ፊት ስቆም ግን ይኸው ወረቀቱ ይንቀጠቀጣል። ቃል እንዳይጠፋኝ ጽፌ ነው የመጣሁት።

አስቀድሜ ግን በዚህ ቤት ያሉትን አንድ በአንድ ልጥራ፤ የምናገረው ነገር ግማሹ የእነሱ ነውና። እኔ ያን ቀን ተኝቼ ነበር። ያየሁትን አየሁ እላለሁ፤ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት እናገራለሁ።

ጋሽ ታደሰ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። በሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት ናቸው፤ ይህ የምንጸልይበትም ቤት የእሳቸው ነው። ከእሳቸው ቀጥላ እናቴ የሺ አለች። ከእናቴ አጠገብ ባለቤቴ ስመኝ ናት፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋለች፣ ስሟን መጥራቴን አልወደደችውም። በወንዶቹ በኩል ወንድሟ አንሙት አለ፤ እንደዚያን ቀን ዛሬም እጅጌውን ጠቅልሏል። በርጩማው ላይ የተቀመጡት አባታቸው አያ ፈንታ ናቸው፤ ከአዲስ ቅዳም በኩል በበቅሎ መጥተዋል። ከእኛ ጋር አይጸልዩም፤ «ልስማ ብቻ» ብለው ነው የገቡት፣ እንግዳችን ናቸው። በበሩ ዘንድ ደግሞ የጋሪው ባለቤት ኑሩ ቆሟል። ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ና ስለው፣ «እኔ ያየሁትን ለመመስከር እንጂ ለስብከቱ አይደለሁም፤ ደጃፉ ይበቃኛል» አለኝ። እንግዲህ እነዚህ ናቸው። የቀራችሁት አሜን በሉልኝ፤ ልቤ ይረጋል። ስሙ ይባረክ!

ወገኖቼ፣ ብዙ ሰው እዚህ ቆሞ «ሰካራም ነበርኩ፣ ተደባዳቢ ነበርኩ» ይላል። እኔ አልነበርኩም። እኔ ፈሪ ነበርኩ። የክርስቶስን ስም ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ደጀ ሰላም ስሜ ነው ያደግኩት። ግን ፍርሃቴ ከማውቀው ስም ይበልጥ ነበር። ፊደል የለየሁት በሱቅ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ማንበብ ስችል ደግሞ የምፈራው ነገር በዛ። ጋሪ ሠርቼ ስጨርስ ሰው እንዳያየው በጆንያ እሸፍነው ነበር። ወፍ በግራዬ ከጮኸ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። በአንገቴ ሁለት ክታብ፣ በክንዴ አንድ ክታብ ነበረኝ። እናቴ ምስክሬ ናት።

ለሥራ ወደ ጃዊ ቆላ ወርጄ ወባ ይዞኝ ተመለስኩ። ወባው ለቀቀኝ፣ ጣፊያዬ ግን አብጦ ቀረ። በግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ በታች፣ እንደ ድንጋይ ይዳሰስ ነበር። እናቴ ለሱም አራተኛ ክታብ አስጻፈችልኝና በአንገቴ ጨመረችው፤ ክሩ ረጅም ስለነበር ሆዴ ላይ ይወርድ ነበር።

በዚያው ዓመት ስመኝን አጩልኝ። አባቷ አያ ፈንታ በፋግታ በኩል ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ዘር ቆጣሪ ናቸው። ልጅ ሊዳር ሲሉ እሳቸው ይጠራሉ፤ የወንዱን በአባቱ በእናቱ፣ የሴቷንም እንዲሁ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዝምድና ከተገኘ ሠርጉ ይፈርሳል፣ ቢደገስም ይፈርሳል። የእኔንና የስመኝን ራሳቸው ቆጠሩ። የአያቴን ስም ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ። በመጨረሻ «ንጹሕ ነው፤ አይነካካም» አሉ። ያን ጊዜ የተነፈስኩትን ትንፋሽ አልረሳውም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

በግንቦት ነው፣ በዳንግላ የገበያ ቀን። የኑሩን ጋሪ ጎማ አድሼ ፈረሱን ልንጠምድበት ስንል ፈረሱ ደነበረና ወደ ኋላው ገፋ። ፈረሱ የሚታሠርበት ረጅሙ እንጨት ግራ ጎኔን መታኝ። ጫፉን በመላጊያ ክብ አድርጌ ያለሰለስኩት እኔው ስለነበርኩ አልወጋኝም። ሕመሙም ብዙ አልነበረም። ኑሩ ሳቀብኝ።

«ምነው ይርጋ፣ ሥራህን በጎንህ ነው የምትፈትሸው?»

እኔም ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን ግራ ትከሻዬን አመመኝ። ልብ በሉ፣ የተመታሁት ጎኔን ነው፣ ያመመኝ ትከሻዬን ነው። ከዚያ ገበያው ነጭ ሆነብኝ። ኑሩ የጫነውን ጨው ሁሉ መሬት ላይ ገልብጦ እኔን በጋሪው ላይ አጋደመኝ፤ እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስም «እንዳትተኛ፣ አንተ ሰው! ብትተኛ እገርፍሃለሁ!» እያለ ፈረሱን ገረፈው።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበሩ፤ አማርኛቸው አጭር ነው። ሆዴን ነክተው ለጋሽ ታደሰ «ጣፊያ ፈነዳ» አሏቸው። ጋሽ ታደሰም መቀስ ይዘው መጡና ክታቡን ያዙት።

«ይህን ልቁረጠው፤ ቢላው የሚገባበት ቦታ ላይ ነው ያለው።»

እጃቸውን ያዝኩ። «ጋሼ፣ እሱን ከወሰዱብኝ ማን ይጠብቀኛል?»

«ፈረሱ ሲመታህ የት ነበር?»

«እዚሁ ነበር።»

«እኮ» አሉና ቆረጡት፤ የቀሩትንም ከአንገቴና ከክንዴ አወለቁ።

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከቢላው ይልቅ የፈራሁት የክሩን መቆረጥ ነው። ከዚያ በአፍንጫዬ ላይ የሚሸት ጨርቅ አደረጉብኝ። የማውቀው እስከዚህ ነው።

የነቃሁት ቀን ሳለ ነው፤ በመስኮቱ ፀሐይ ይታየኛል፣ ግን አይሞቀኝም። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ልቤ ይሮጣል፣ እኔ ግን የትም አልሄድም። ግድግዳው የጭቃ ስለሆነ ደጅ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል። ሐኪሙ ሲናገሩ ሰማሁ።

«ጣፊያ ወጣ። መድማት ቆመ። ደም ግን ብዙ ሄደ፤ በፊትም፣ በቢላም። ሌላ ደም ካልገባ ዛሬን አያልፍም። እዚህ የተቀመጠ ደም የለም። ሰው ይስጥ። አሁን።»

ወሬ ሰምታ የመጣችው እናቴ ክንዷን ሰጠች፤ አልገጠመም። ኑሩ ሰጠ፤ እሱም አልገጠመም። በኋላ እንደነገረኝ፣ «ፈረሴ ገድሎህ እኔ ማዳን ሲያቅተኝ ደጅ ወጥቼ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ» አለኝ። ጋሽ ታደሰ በቅርቡ ለአንዲት ወላድ ደማቸውን ሰጥተው ስለነበር ሐኪሙ እምቢ አሏቸው። አያ ፈንታ፣ አንሙትና ስመኝ ለሠርጉ የሚሆን ዕቃ ሊገዙ ገበያ መጥተው ኖሮ፣ ወሬው ሲደርሳቸው ሮጠው መጡ። እናቴ እንደነገረችኝ፣ አንሙት ምንም ሳይጠይቅ እጅጌውን ጠቀለለ። ጋሽ ታደሰ ጠብታውን በመስታወት ላይ አደባልቀው አዩትና «ገጠመ! ጌታ ይመስገን፣ ገጠመ!» ሲሉ ሰማሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ተመስገን አልኩ።

ቀጥሎ የሰማሁት የአያ ፈንታን ድምፅ ነው።

«ቆይ። አንሙት፣ እጅህን መልስ።»

«ምነው አባ?»

«መልስ አልኩህ! እኅትህ ለዚህ ሰው ታጭታለች። ሰባት ቤት ቆጥሬ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ያንተ ደም ከገባበት ወንድምህ ሆነ፤ ወንድምህ ከሆነ ወንድሟ ነው። ነገ ልጄን ለወንድሟ ልዳራት?»

ጋሽ ታደሰ፣ «አያ ፈንታ፣ ይህ እኮ መድኃኒት ነው፤ ዝምድና አይደለም» አሉ።

«መድኃኒት ቅጠል ነው፣ ሥር ነው። ይህ ከልጄ ክንድ የሚወጣ ነው። አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባ ሰው የጡት አባት ይሆናል አይደለም? ልጆቹና የጡት ልጁ አይጋቡም አይደለም? በዚህ ምክንያት የደረሰ ሠርግ አፍርሻለሁ፣ እኔ ራሴ! በማር የሚገባው ዝምድና በደም እንዴት ይቀራል? እስቲ ንገረኝ!»

  ነገሩ ለእኔም እውነት መስሎ ታየኛ! ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? ደሙን ካላገኘሁ እሞታለሁ። ካገኘሁት ስመኝን አጣለሁ። «ተዉት» ልል እሻለሁ፣ «ስጡኝ» ልልም እሻለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም። ጋሽ ታደሰ ገብተው የእጄን ትርታ ያዙ፤ ፊታቸውን አየሁት፣ እሳቸውም እንዳየሁባቸው አወቁና ዞር አሉ።

አንሙት እንደነገረኝ፣ እናቴ በአገውኛ እያለቀሰች በአያ ፈንታ እግር ላይ ወደቀች። ልቧ ሲሰበር አማርኛው ይጠፋታል። አያ ፈንታ አነሷት፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን አስረግጬ ልናገር እወዳለሁ።

«እኅቴ፣ መዳኑን እኔም እሻለሁ። ግን ሰው ሁሉ የእኔን ቃል አምኖ ነው የሚጋባው። ለራሴ ልጅ ሲሆን ዓይኔን ብጨፍን ማን ያምነኛል?»

ሐኪሙ በሩን ከፍተው «የት አለ ደሙ?» አሉ። 

ያን ጊዜ አንድ ሰው ተናገረ። የታጨች ልጅ በአማቷ ፊት እንደማትናገር ታውቃላችሁ። ፊቷን ትሸፍናለች፣ ብትጠየቅም በሹክሹክታ ነው። የስመኝን ድምፅ ጥርት ብሎ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው።

«አባ፣ ይስጠው።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ይስጠው፣ አባ። ባል ካልሆነኝ ወንድም ይሁነኝ። ሬሳ ከሆነ በኋላ ስንት ቤት ይቆጥሩልኛል?»

 ፈረሱ ደጅ ሲያናፍጥ ይሰማኛል። አያ ፈንታ ወጥተው ከግቢው ዋንዛ ሥር ቆሙ። ከአልጋዬ ሆኜ በመስኮቱ የሚታየኝ የዋንዛው ግንድና የከዘራቸው ጫፍ ብቻ ነው። ከዘራው መሬቱን ነካ ያደርጋል፣ ይቆማል፣ እንደገና ነካ ያደርጋል። ዓይኔን ከዚያ ከዘራ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እኔ ወደ እግዚአብሔር አላየሁም ነበር፣ ወገኖቼ። ወደ ከዘራ ነው ያየሁት።

ከዘራው ቆመ። ገቡ።

«ይስጠው። እንግዲህ እኅትና ወንድም ናቸው» አሉ።

አንሙት ከጎኔ ባለው አልጋ ላይ ተጋደመ። ደሙ በጠርሙስ ተቀድቶ ከጠርሙሱ ወደ እኔ መውረድ ጀመረ። ጠርሙሱ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል፤ ሚስማሩ ጠማማ ነበር፣ ይወድቃል ብዬ ሰጋሁ። ጥቂት እንደገባ መንቀጥቀጥ ያዘኝ። ጥርሴ ይፋጫል፣ አልጋው ይንቀጠቀጣል። እናቴ «ደሙ እምቢ አለው!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ መጥተው ቱቦውን አጥብበው ጠብታውን አዘገዩት፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። አንሙት ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረና፣

«ቀስ በልበት ይርጋ፤ የእኔ ደም ቁጡ ነው» አለኝ።

ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ጋሽ ታደሰ እጄን ይዘው ነበር። ድንገት አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ለዚያች ወላድ ለምን ሰጧት? ዘመድዎ ናት?»

«አላውቃትም።»

«ታዲያ?»

«ለእኔም ሳላውቀው የሰጠኝ አለ» አሉ። «አንሙት ዛሬ ጠርሙስ ሙሉ ሰጠህ፤ ነገ በልቶ ጠጥቶ ይተካዋል። ጌታ ግን ሁሉንም ነው የሰጠው፣ ላንተም ጭምር። ሲሰጥም ዘር አልቆጠረም።»

ይህን ነገር በልጅነቴ ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ግን ደም ከሌላ ሰው ወጥቶ ወደ እኔ ሲገባ እያየሁ ሰምቼው አላውቅም። አንገቴን ዳሰስኩ፤ ክታብ የለም። ክንዴን ዳሰስኩ፤ ቱቦ ብቻ። የምይዘው ነገር ሁሉ ከእኔ ላይ ተወስዷል። እንዲህ አልኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ የምይዘው ጠፍቶኛል፤ አንተ ያዘኝ። ብሞትም ያንተ ነኝ፣ ብድንም ያንተ ነኝ።» ይህ ብቻ ነው ጸሎቴ። መንቀጥቀጡ ወዲያው አልቆመም፤ ቆመ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ፍርሃቱ ግን ቀድሞ ቆመ። ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ እኔ ውስጤ ጸጥ አልኩ። ከዚያ ብርዱም ለቀቀኝ፣ እግሬ ሞቀኝ። ሃሌ ሉያ! ስሙ ለዘላለም ይባረክ!

ዳንኩ፣ ወገኖቼ። ግን ሌላው ነገር ገና ነው።

ስመኝ ምግብ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። «ወንድሜ፣ እንዴት አደርክ?» አለችኝ። ፊቷን አልሸፈነችም፤ እኅት ከወንድሟ ፊት ምን ትሸፍናለች? ሙሉ ፊቷን ያየሁት ያን ቀን ነው። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። «ደኅና ነኝ እኅቴ» አልኳት።  ያመንኩት ጌታ በሕይወት አቆይቶ ለምን ይህን ያሳየኛል ብዬም ጠየቅሁ።

ቁስሌ ሲደርቅ ወደዚህ ቤት መምጣት ጀመርኩ። አንድ ቀን አያ ፈንታ እኔን ሊያዩ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙን። ስንጨርስ ጋሽ ታደሰን ጠየቋቸው።

«እናንተ ሁላችሁ በአንዱ በክርስቶስ ደም ወንድምና እኅት ሆነናል ትላላችሁ። ታዲያ እርስ በርሳችሁ እንዴት ትጋባላችሁ?»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ታደሰም «ይህን ያህልስ አላሰብኩበትም፤ ስለ ሥጋው ደም ግን የሚያውቅ ሰው አለ» ብለው ወደ ሐኪሙ ወሰዷቸው። እኔም ተከተልኩ። 

ጋሽ ታደሰ የአንሙት ደም በእኔ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሲጠይቋቸው ሐኪሙ እንዲህ አሉ፤ «የተሰጠ ደም ያረጃል። አጥንት ውስጥ አዲስ ደም ይሠራል። ክረምት ሲያልፍ የአንሙት ደም የለም። ሁሉም የይርጋ።»

«ያልቃል?»

«ያልቃል።»

«ዝምድናውስ?»

«ስለ ዝምድና እኔ አላውቅም። ስለ ደም አውቃለሁ።»

አያ ፈንታ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስለ ዝምድና እኔ አውቃለሁ» አሉ። «መስቀል ይለፍ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

ያን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት የማውቀው እኔና ጌታ ነን። ሐኪሙ ቢሳሳቱስ? አያ ፈንታ ሐሳባቸውን ቢለውጡስ? ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ክንዴን እያየሁ እተክዛለሁ፤ ከዚያ እጸልያለሁ። ፍርሃት ቢመጣም የምይዘው ነበረኝ።

መስቀል አለፈ። አያ ፈንታ መጡና ወደ ሐኪም ቤት ይዘውኝ ሄዱ። «ጣቱን ውጉት» አሉ። ጋሽ ታደሰ ወጉኝ። አያ ፈንታ ጠብታውን ወደ ፀሐይ አቅንተው ረጅም ጊዜ አዩት። 

«የይርጋ ነው» አሉ።

በምን እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጋሽ ታደሰም አልገባቸውም። በጥር ተጋባን። ጌታ ይባረክ!

አሁን እናንተን ወንድሞቼንና እኅቶቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአንሙት ደም በእኔ ውስጥ አልቋል፤ አለቀ ብለን ደስ አለን። የጌታ ደም ግን አያረጅም። ክረምት አልፎ ክረምት ቢመጣ በእርሱ የተገኘው ልጅነት አይፈርስም። አንገትህ ላይ የያዝከው ነገር ካለ፣ ፈረሱ ሲመታህ የት ነበር ብለህ ጠይቅ። ከዚያ እጅህን ባዶ አድርገህ ወደ እርሱ ዘርጋ። እኔ ባዶ እጄን ነው የዘረጋሁት፤ አላሳፈረኝም።

እኔ ያየሁትን ጨረስኩ። የቀረውን እናንተ ሙሉልኝ። ኑሩ፣ ጨዉን ገልብጠህ ስትሄድ ማን እንደሰበሰበው አልነገርከኝም። አንሙት፣ ጠርሙሱ ሲሞላ ዓይንህን ጨፍነህ ምን ትል እንደነበር እናቴ ሰምታለች፤ አንተ ግን ትክዳለህ። ስመኝ፣ «ወንድሜ» ስትይኝ ድምፅሽ ለምን እንዳልተሰበረ ልጠይቅሽ ፈርቼ ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ካልፈለግሽ ተይው።

አያ ፈንታ፣ እርስዎን ግን እለምናለሁ። ከዋንዛው ሥር ብቻዎን ቆመው ነበር። ከዘራዎ መሬቱን ነካ አደረገ፣ ቆመ፣ እንደገና ነካ አደረገ። እየቆጠሩ እንደነበር አውቃለሁ። ሕይወቴ በዚያ ከዘራ ጫፍ ላይ ነበርና፣ ምን እንደቆጠሩና የት ላይ ሲደርሱ እንዳቆሙ ይንገሩን። እኔ ተቀመጥኩ።